ጭድ አይዋሽም

የእድራችን ለፋፊ ዛሬ ዛሬ በባጃጅ ላይ ማይክራፎን ይዞ ነው የሚዞረው። "የቧንቧ ሠራተኛው አቶ ጉተማ አርፈዋል" እያለ በሰፈራችን ሲያልፍ እኔ ጓሮዬ ተቀምጬ ያረጀ ሲፎን በሽቦ እጎረጉር ነበር። ሲፎን ከላቫንዲኖ ሥር ያለችው ጥምዝምዝ ቧንቧ ናት፤ ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ አንገቷ ላይ ውሃ ትይዛለች። ሽቦውን አስቀመጥኩና "ነፍስ ይማር" አልኩ። ይህን ያለው አፌ ነው። ሆዴ ግን በዚህ ዕድሜ ሊባል የማይገባውን ነገር አለ። "ተገላገልኩ" አለ።

ባለቤቴ በበሩ ብቅ ብላ ማን ሞተ እንዳሉ ጠየቀችኝ። "ጉተማ" አልኳት። ፊቴን አየት አደረገችና ምንም ሳትጨምር ተመለሰች። ምን ትበል? ሰላሳ ዓመት ሙሉ የዚያን ሰውዬ ስም ከእራት ጋር ስትበላ የኖረች ሴት ናት።

አዳማ ውስጥ አሮጌ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ጉተማን ያውቀዋል። ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያሉት የድንጋይ ቤቶች መሬት ውስጥ የተቀበረው ቱቧቸው ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ የጻፈው ሰው የለም። አንድ የነበረው ግቢ ለአራት አባወራ ተሸንሽኗል፤ ያንዱ ሽንት ቤት በሌላው ጓዳ ሥር ያልፋል፤ የዚያኛው ጉድጓድ ደግሞ የሦስተኛው አልጋ ካለበት በታች ነው። ይህ ሁሉ ጉተማ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ለማንም አላካፈለም።

ረጅም ደረቅ ሰው ነው። እዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያደግን ሁሉ ጥርሳችንን ውሃው አበላሽቶታል፤ የጉተማም እንደዚያው ቡኒ ነው ይባላል። ይባላል የምለው አይስቅምና ጥርሱን ያየው ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። ቤት ሲገባ ባለቤቶቹን ሰላም አይልም። በቀጥታ ሽንት ቤት ይሄድና ከመቀመጫው በላይ ቆሞ "ምን አበሉህ?" ይለዋል። ሽንት ቤቱን ነው የሚጠይቀው። ከዚያ እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ የሚያወጣውን ነገር፣ ጨርቅም ይሁን የሕፃን ዳይፐር፣ አንጠልጥሎ ሳሎን ድረስ ይመጣል። እንግዳ ተቀምጦ ቢሆን ግድ የለውም። "ይሄ የማን ነው?" ይላል። ባለቤት እስኪያምን ድረስ አይጥለውም። አንዲት ሙሽራ በዚህ የተነሳ እናቷ ቤት ሄዳ ሦስት ቀን እንደቆየች አውቃለሁ።

በግራ ኪሱ ሁልጊዜ በፌስታል የጤፍ ጭድ ይይዛል። የትኛው ቱቦ ከየትኛው እንደሚገናኝ ጎረቤት ተጣልቶ ሲጠራው አንድ እፍኝ ጭድ ከአንድ ባልዲ ውሃ ጋር ሽንት ቤቱ ውስጥ ይደፋል። ከዚያ ማንሆሉን ወይ የጉድጓዱን ክዳን ከፍቶ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። ጭዱ የመጣበት ያ ነው መንገዱ። ያልመጣ እንደሆነ መሃል ላይ የተሰበረ አለ ማለት ነው። "ሰው ይዋሻል፤ ጭድ አይዋሽም" ይላል። ሰዎቹ በዚህ ንግግሩ ይቀየሙታል፤ ደግሞ ቱቦ ሲደፈንባቸው እሱኑ ይጠራሉ።

ከእኔ ጋር ለነበረው ነገር መነሻው ስሜ ነው። ስሜ ታደለ ነው። መጀመሪያ የተገናኘነው አንድ አሮጌ ሆቴል ውስጥ አብረን ስንሠራ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ቀና ሳይል "አንቺ፣ ያንን ማርቴሎ አቀብይኝ" አለ። ሴት መጥታ ይሆናል ብዬ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። ማርቴሎውን፣ መዶሻውን ማለቴ ነው፣ አቀበልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ታደለች ሆንኩ።

ሰዎች አትቀየም አሉኝ። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ስለሆነ አንተና አንቺ ይምታታበታል፣ አማርኛው ነው አሉኝ። እኔም አንድ ዓመት ያህል አመንኩ። በኋላ አንድ ቀን ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ከኋላው ቆሜ ሲከራከር ሰማሁት። ሻጩን አንተ፣ ገንዘብ ተቀባይዋን አንቺ፣ ጥግ የተቀመጡትን ሽማግሌ እርስዎ እያለ አንዲትም ሳያሳስት ጨረሰ። አማርኛው ከእኔ ይበልጣል። ለካ በከተማው ውስጥ አንተና አንቺ የሚምታታበት በእኔ ላይ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ በቋንቋው ሰላም ብለው ይለሰልስ ይሆናል ብዬ "አካም ቡልቴ" እለው ነበር። እንዴት አደርክ ማለት ነው። መልሱ አንዲት ቃል ናት፤ "ነጋ"፣ ሰላም ነው ማለት። ያቺን አንዲት ቃል ሰላሳ ዓመት ነፈገኝ።

ለምን እንደሚጠላኝ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄዋለሁ። እጁን በአሸዋ እያሸ "አንቺ ሰው እንዳይከፋው ብለሽ ቱቦ ታጣምሚያለሽ" አለኝ። "ቱቦ ሰው ደስ ስላለው አይወርድም። ቁልቁለት ስላለው ነው የሚወርደው።"

ሥራው ላይ ሁለት ነገር ነበረው፤ እነሱን ልንገራችሁ፤ ለኋላው ያስፈልጋሉ። የድሮ ቤት ቱቦ ከሲሚንቶ የተሠራ ነው። አንዱ ጫፍ ሰፊ ነው፣ አፍ እንለዋለን፤ ሌላው ቀጭን ነው፣ እሱን ጭራ እንለዋለን። የአንዱ ጭራ በሌላው አፍ ይገባል፤ አፉ ሁልጊዜ ውሃው ወደሚመጣበት ይዞራል። ገልብጠህ ከቀበርከው በየመገጣጠሚያው ያፈሳል፤ የሚያፈሰው ደግሞ ዛሬ አይደለም፤ ሲሚንቶው ሲደክም፣ ከዓመታት በኋላ ነው። ጉተማ "የቱቦ አፍ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ፊቱን ወደሚመጣው ያዞራል" ይል ነበር። ራሱ እንግዳ ተቀብሎ የማያውቅ ሰውዬ።

ሁለተኛው አውራ ጣቱ ነው። መገጣጠሚያውን በሲሚንቶ የተነከረ ቃጫ ይጠቀጥቅበትና መጨረሻ ላይ ቀኝ አውራ ጣቱን እርጥቡ ላይ ይጫናል። ያ ጣት ድሮ በቱቦ ስባሪ ተሰንጥቆ መሃሉ ላይ ጠባሳ ስለነበረው፣ ምልክቱ ቁርጥ የቡና ፍሬ ይመስላል። ለምን እንደሚያትም ሲጠይቁት "ነገ ሲያፈስ የማን ነው ብላችሁ እንዳትጣሉ" ይላል። እኔ አላትምም። መገጣጠሚያዬን በማንኪያ ማለስለስ ነው የምወደው። ያንን ሲያይ "ታደለች ድፎ ጋገረች" እያለ ያልፋል።

አሁን ወደ እትዬ ዘሀራ ልምጣ።

እትዬ ዘሀራ በልጅነቷ ከወሎ የመጣች፣ ባሏ ባቡር ላይ ይሠራ የነበረ ሴት ናት። ከጣቢያው ጀርባ በጭቃ የተገነባች የድንጋይ ቤት አለቻት። የሽንት ቤቷ ቱቦ በመኝታ ቤቷ ግድግዳ ሥር ያልፋል። ባሏ በሞተ ሰሞን ቱቦው ተደፍኖባት እኔ ሠራሁላት። ዓመታት አልፈው የዚያ ግድግዳ እግር እየረጠበ መጣ። ከዚያ ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁ እስከ መስኮቱ ደረሰ። ጉተማን ጠራች። እኔንም፣ ቱቦውን መጨረሻ የነካሁት እኔ ነኝና፣ አስጠራችኝ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ቆሟል።

ጉተማ ጭዱን ከውሃው ጋር ደፋ። ጉድጓዱ ጋ ሄዶ ተቀመጠ። ውሃው ቀጥኖ መጣ፤ ጭዱ አልመጣም። ሁለት ሦስት ገለባ ብቻ። ከዚያ በደረቱ ተኝቶ ጆሮውን ግድግዳው እግር ላይ አደረገና ሌላ ባልዲ አስደፋ። ተነሳ። እኔን አላየኝም። ለጎረቤቱ ነው የተናገረው።

"ከግድግዳው ሥር ነው። ታደለች ናት የቀበረችው።"

ልጆች ሳቁ። ትልልቆቹም ሳቁ። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሰው ያን ቀን ከፍ አደረግኩ።

"ከግድግዳው ሥር ያለው የአንተ ነው" አልኩት። "ከእኔ በፊት አንተ ነህ የሠራኸው። እኔ ከውጭ ያለውን ነው የነካሁት።"

"ሰው ይዋሻል፤ ጭድ አይዋሽም" አለ።

"ጭድ ስም አይጠራም" አልኩት።

ይቺ መልስ እስከ ዛሬ ትጣፍጠኛለች። ጉተማ ዶማ አንስቶ እናያለን ብሎ ሲሄድ እትዬ ዘሀራ ግድግዳዋን ተደግፋ ቆመች። ከሥሩ ከተቆፈረ ቤቱ እላይዋ ላይ ይወድቃል፤ ማንም አይነካውም አለች። እውነቷን ነበር። ስለዚህ ጉተማ አዲስ ቱቦ በግቢው ዙሪያ አዙሮ አወጣላት፤ የድሮው እዚያው ተቀብሮ ቀረ። የማን እንደሆነ ማንም አላየም።

ሳይታይ ግን ተፈረደ። "ታደለች የቀበረችው" የሚለው ነገር ከጣቢያው ጀርባ ተረት ሆነ። የተጣመመ በር ለገጠመ አናጢ፣ ወጥ ላሳረረች ሴት ሁሉ ይባል ጀመር። አሮጌ ቤት ያለው ሰው እኔን መጥራት ተወ። እንግዲህ በአውቶቡስ ወለንጪቲ፣ አዳሚ ቱሉ፣ ሲገኝም ሶደሬ እየሄድኩ፣ እያደርኩ መሥራት ሆነ ኑሮዬ። ልጆቼ ያደጉት እኔ ቅዳሜ ማታ መጥቼ ሰኞ ጠዋት ስሄድ ነው። እኔም በሄድኩበት ሁሉ፣ ሰው ጠየቀኝም አልጠየቀኝም፣ የዘሀራ ቱቦ የጉተማ ነው እል ነበር። እምል ነበር። ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ ለአማቾቼ ነግሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከእኔ አፍ ክፉ የወጣው በዚያ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ ግን ለሰላሳ ሰው የሚበቃ ወጥቷል።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ባለፈው በጋ ነው። በሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር አውጥቶ፣ ጋቢ ለብሶ ፀሐይ ይሞቃል። ከስቷል። አላልፈውም ብዬ "አካም ቡልቴ" አልኩት።

"ገና አልሞትሽም እንዴ?" አለኝ።

"አልሞትኩም።"

"እንግዲያው ጊዜ አለሽ። ሂጂ የቀበርሽውን አውጪ።"

ቤቴ ገባሁ። ሌሊቱን ሁሉ ልመልስለት የሚገባኝን ስፈልግ አደርኩ።

ጉተማ በተቀበረ ማግስት እትዬ ዘሀራ ደወለችልኝ። ከጣቢያው ጀርባ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ቤቶቹ እየፈረሱ ነበር፤ ለእሷም ምትክ ተሰጥቷታል። የሽንት ቤቷን መቀመጫና ላቫንዲኖዋን ሳይሰበሩ ነቅዬ እንዳወጣላት ፈልጋ ነው። "ጉተማ የለም" አለች። "እንግዲህ አንተው ና።" ይህችን ንግግር ዋጥ አድርጌ ዕቃዬን ይዤ ሄድኩ።

ስደርስ ኤክስካቫተሩ መኝታ ቤቱን ጥሎ ምሳ ላይ ቆሟል። ያ ማንም አይነካውም የተባለ ግድግዳ የድንጋይ ቁልል ሆኗል። ከሥሩ መሬቱ ተገልብጦ ቱቦው እንደ አጥንት ወጥቶ ይታያል። መቀመጫውን ለመፍታት ጎንበስ እንዳልኩ አየሁት፤ ብሎኑን ትቼ ማርቴሎዬን እንደያዝኩ ወረድኩ።

መጀመሪያ ያገኘሁት መገጣጠሚያ ሻካራ ነው። ቃጫው ወጣ ወጣ ብሏል። አፈሩን በእጄ ጠረግኩት። የቡና ፍሬው አለ። ብቻዬን ሳቅኩ። የጉተማ ነው። ከግድግዳው ሥር ያለው የጉተማ ነው፣ እንዳልኩት።

ከዚያ ግን ሙያ ነውና በሥሩ እጄን ሰደድኩ። ደረቅ ነው። ቀዩ አሽ፣ ያ የእሳተ ገሞራ አሸዋ፣ በተቆፈረበት ቀን እንደነበረው እፍ ሲሉት ይበናል። ባልዲ ውሃ አምጥቼ ከላይ ደፋሁበት፤ በዚያ መገጣጠሚያ ጠብታ አልወጣም። ውሃው አልፎት ሄደና አንድ ክንድ ወረድ ብሎ፣ በግድግዳው ጠርዝ ላይ፣ ፈሰሰ። እዚያ አንድ አጭር ቱቦ አለ። መገጣጠሚያው እንደ ድፎ የለሰለሰ ነው። አፉ ወደ ታች ዞሯል፤ ጭራ ለጭራ ተገጥሟል። ዙሪያው ያለው አፈር ጥቁር ነው።

ቁጭ አልኩ። የዚያን ቀን ነገር መጣልኝ። እትዬ ዘሀራ የባሏ ሐዘን ላይ ናት። ከግድግዳው አንድ ድንጋይ እንኳ እንዳላወጣ እያለቀሰች ለመነችኝ። ድንጋዩን ሳላወጣ ሰፊው አፍ በቀዳዳው አይገባም፤ ቀጭኑ ይገባል። አሳዘነችኝ። ገልብጬ ከተትኩት። ጥፋት መሆኑን ስለማውቅ ሲሚንቶ አበዛሁበት፤ ረጅም ሰዓት አለሰለስኩት። ረስቼው ነበር ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ግን ሳልረሳው እላዩ ላይ ስምል ኖሬያለሁ።

ማርቴሎው እጄ ላይ ነው። ያቺ ለስላሳ ቱቦ ሁለት ብትመታ ከድንጋዩ ስባሪ ጋር ትቀላቀላለች፤ የቡና ፍሬው ብቻውን ይቀራል። ሟች ተነስቶ አይከራከርም። ማርቴሎውን አነሳሁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንስቼው ነበር። እትዬ ዘሀራ በዱላዋ መሬቱን እየዳበሰች መጥታ ከላይ ቆመች። ዓይኗ ደክሟል።

"የማን ነው?" አለችኝ።

ማርቴሎውን ዝቅ አደረግኩ።

"አንተ ታደለ፣ የማን ነው ነው የምልህ።"

"የእኔ ነው እትዬ።"

"ስትምል ሰምቼህ ነበር እኮ" አለች።

"ምያለሁ።"

"ሰውዬው ሞተ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለእኔ ብቻ ብትነግረኝ ምን ይጠቅማል?" አለችና ዞረች። ሁለት እርምጃ እንደሄደች ፊቷን ሳትመልስ "መቀመጫውን እንዳትሰብረው" አለችኝ።

አልሰበርኩትም።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ሙሉ ነው፤ ከጣቢያው ጀርባ ያለው ሰው ሁሉ አለ። ጉተማ ያዋረደው ሰው ሁሉ ማለቴ ነው። የእድሩ ዳኛ ተነስቶ ሟች ሰው አክባሪ፣ ተጫዋች፣ ፊታቸው ጠቁሮ የማያውቅ ነበሩ እያለ ሲናገር ሰው አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "አቶ ታደለ፣ የሙያ ባልደረባቸው ነዎትና አንድ ነገር ይበሉ" አለ። ከኋላ አንዱ የሳለ መሰለኝ፤ ሳቅ ነው።

ተነሳሁ። ንግግር አላውቅም።

"ጉተማ ክፉ ሰው ነበር" አልኩ።

ዳኛው እጄን ሊይዘኝ ሞከረ።

"እኔን ሰላሳ ዓመት ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ስሜን አበላሽቷል፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን ከእትዬ ዘሀራ ግድግዳ ሥር ያፈሰሰው ቱቦ የጉተማ ነው እያልኩ የማልኩት ውሸት ነው። የእኔ ነው። አየሁት። ገልብጬ ነው የቀበርኩት። የእሱ አጠገቡ ነው፤ እስከ ዛሬ ጠብታ አልወጣውም።"

ተቀመጥኩ። ማንም "ጎሽ" አላለኝም፤ ማንም አላጽናናኝም። ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ወንበሩን ትንሽ ከእኔ ፈቀቅ አደረገ። ዳኛው ፈጠን ብሎ ወደ ጸሎቱ አለፈ።

በኋላ የጉተማ ልጅ አያንቱ ውሃ ይዛልኝ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ጎንበስ ብላ "ጋሽ ታደለ፣ አባዬ ማን ይልዎት እንደነበር ያውቃሉ?" አለችኝ።

"አውቃለሁ ልጄ። ታደለች።" ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ "ቤት ውስጥስ?" አልኳት።

አሰብ አደረገች። ልታስደስተኝ ፈልጋ እንደነበር ከፊቷ አይቻለሁ። ግን የአባቷ ልጅ ናት።

"ቤት ውስጥም ታደለች" አለች።

ይቅር አልኩት አልልም። ዛሬም ስሙ ሲነሳ እናደዳለሁ፤ ከሆዴ የወጣው መሐላው ብቻ ነው። ስወጣ ድንኳኑ በር ላይ ፎቶውን በትንሽ ጠረጴዛ አቁመውታል። አፉ ዝግ ነው፤ እዚያም ጥርሱ አይታይም። ሰው እስኪያልፍ ጠበቅኩና "አካም ቡልቴ" አልኩት።

እንደ ልማዱ ዝም አለ።